ትንሽ አስተርጓሚ በትንሽ ማሽን ውስጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ ስሙ ሲሰማ ጠባብ ይመስላል። በጥቃቅን የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ውስጥ ስለሚሠራ አነስተኛ የፕሮግራም ቋንቋ አስተርጓሚ ነው የምናገረው። ሙያው የሌላችሁ እንግዶች እንዳትሰለቹ ነገሩን ከአንድ ቁጥር ልጀምር። ቁጥሩ 30 ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ሆኜ ለአንድ አነስተኛ የመስኖ እርሻ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርተን ነበር። አንድ ሴንሰር የአፈሩን እርጥበት ይለካል፤ አንዲት ማይክሮኮንትሮለር ልኬቱን ታነባለች፤ እርጥበቱ ከመቶ 30 በታች ሲወርድ ፓምፑን ታስነሣለች። በቤተ ሙከራችን ቀይ አፈር ላይ ያለ እንከን ሠራ። እርሻው ግን ዋልካ ነበር። ዋልካ ውኃን አጥብቆ ይይዛል፤ ሴንሰሩ 30 ብሎ ሲያነብ ተክሉ መጠውለግ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ 30ው 40 መሆን ነበረበት።

የአንድ ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚገኘው በሲ ቋንቋ በተጻፈው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል። የመጨረሻው ቅጂ በየትኛው ኮምፒውተር እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን። ኮምፓይለሩን እንደገና ጫንን፤ ላፕቶፑንና የመጫኛ ገመዱን ይዘን ግማሽ ቀን ተጓዝን፤ 30ውን 40 አድርገን ተመለስን። ፓምፑን የሚጠብቁት አዛውንት ሲሸኙን፣ «መምህር፣ ከመጀመሪያው ብታሳዩኝ እኔው ራሴ አልለውጠውም ነበር?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ንድፉን ያጸደቅሁት እኔ ነኝና። የዛሬው ንግግሬ ለእኚያ አዛውንት ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በመካከላችሁ ያሉ መሐንዲሶች ወዲያው የሚሉትን አውቃለሁ፦ ቁጥሩን ከፕሮግራሙ አውጥቶ በአዝራር የሚስተካከል ማድረግ ነው። እኛም ያንኑ አደረግን። ከሁለት ወር በኋላ ግን አዛውንቱ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ፀሐይ በሚበረታበት ጊዜ ውኃው በከንቱ ስለሚተን ፓምፑ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባይሠራ፤ የጉድጓዱ ውኃ ሲያንስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አርፎ ቢነሣ። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር አይደለም፤ ደንብ ነው። «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይደረግ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ደንብ አዲስ አዝራርና አዲስ ማስተካከያ ብንጨምር፣ ከጊዜ በኋላ ማስተካከያዎቹ ራሳቸው ቋንቋ ይሆናሉ፤ ያውም ሰዋስው የሌለው፣ ማንም ያላሰበበት ቋንቋ። ቋንቋ መሆኑ ካልቀረ አስበንበት ብንሠራው ይሻላል። የትንሹ አስተርጓሚ አስፈላጊነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ሁለት ነገሮችን ልለይ። ኮምፓይለር ተርጓሚ ነው፤ መጽሐፉን ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሳል፤ አንባቢው የሚደርሰው የተተረጎመው ቅጂ ብቻ ነው። ኢንተርፕሪተር የምንለው ግን በሸንጎ መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ተናጋሪው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ያንኑ በቦታው ያሰማል። የመጽሐፍ ትርጉም ለመለወጥ ወደ ማተሚያ ቤት መመለስ ግድ ነው። አስተርጓሚው ባለበት ግን ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቃሉን መለወጥ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት በትንሽ ማሽን ላይ ከምሳሌ በላይ ነው። ብዙዎቻችሁ በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ የምታውቁት ኤቲሜጋ 328ፒ 32 ኪሎባይት ፍላሽና 2 ኪሎባይት ራም ብቻ አለው። የማሽን ትእዛዝ የሚፈጽመው ከፍላሹ እንጂ ከራሙ አይደለም። አዲስ ፕሮግራም ለማስገባት ፍላሹን ደምስሶ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠውም ለ10,000 ጊዜ ያህል ነው። አስተርጓሚ ካለ ግን የተጠቃሚው ፕሮግራም ለማሽኑ ተራ መረጃ ይሆናል። መረጃ ደግሞ በራም ይቀመጣል፣ በገመድ ወይም በሬዲዮ ይላካል፣ ይታያል፣ ይታረማል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና ሦስት ምስክሮች ልጥራ።

የመጀመሪያው በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒውተር ነው። ቋሚ ማህደሩ 36,864 ቃላት፣ ተለዋዋጭ ማህደሩ 2,048 ቃላት ብቻ የሚይዝ ነበር። የጉዞውን ስሌት በማሽኑ ቋንቋ በቀጥታ ቢጽፉት ቦታ አይበቃም። መሐንዲሶቹ በውስጡ አንድ አስተርጓሚ አኖሩ፤ የስሌቱንም ፕሮግራም በአጫጭር ትእዛዞች ጻፉት። ስሌቱ ዘገየ፤ ፕሮግራሙ ግን ከማህደሩ ጋር ተስማማ። ጊዜ ከፍለው ቦታ ገዙ።

ሁለተኛው ፎርዝ ነው። ቻርልስ ሙር ይህን ቋንቋ ያዳበረው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ላይ የሚገኝ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከቀደምት ሥራዎቹ አንዱ ነበር። የፎርዝ አስተርጓሚ በጥቂት ኪሎባይት ውስጥ ይገባል። በ2014 በአንድ ጅራታም ኮከብ ላይ ያረፈችው ፊላይ የተባለችው መንኮራኩር ስታርፍ፣ ፎርዝን በቀጥታ እንዲፈጽሙ የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን ይዛ ነበር።

ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበን ይመስለኛል። እርሱም ሉዋ ነው። ሉዋ የተወለደው በ1993 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክግራፍ በተባለ የምርምር ክፍል ውስጥ ነው። አባቶቹ ሮቤርቶ ኢየሩሳሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ደ ፊጌይሬዶ እና ዋልደማር ሴሌስ ናቸው። በዚያ ዘመን ብራዚል የአገር ውስጥ የኮምፒውተር ኢንዱስትሪዋን ለማሳደግ በውጭ ሃርድዌርና ሶፍትዌር ላይ ጥብቅ ገደብ ጥላ ቆይታለች፤ ፖሊሲው እስከ 1992 ዘልቋል። ከውጭ መግዛት ቀላል ስላልነበረ ራስን ችሎ መሥራት ልማድ ሆኖ ነበር። የነዳጅ ኩባንያው ፔትሮብራስ መሐንዲሶች መረጃቸውን የሚገልጹበት መንገድ ፈለጉ፤ አብዛኞቹም የፕሮግራም ባለሙያዎች አልነበሩም። ክፍሉ በመጀመሪያ ዴል እና ሶል የተባሉ ሁለት ትንንሽ ቋንቋዎች ሠራላቸው። ተጠቃሚዎቹ ሁኔታና ድግግሞሽ የሚገልጹበት ሲጠይቁ ሁለቱ በአንድ እውነተኛ ቋንቋ ተተኩ። ሶል በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ነው፤ ተተኪውን ሉዋ፣ ማለትም ጨረቃ አሉት።

የእኛ አዛውንት የሄዱበትን መንገድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ታዩታላችሁ፦ መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ደንብ፣ በመጨረሻ ቋንቋ። ዛሬ ሉዋ ከትልልቅ የኮምፒውተር ጨዋታዎች እስከ አውታረ መረብ መመርመሪያዎች ድረስ ገብቷል። የምንጭ ኮዱ ግን ወደ 30,000 የሚጠጋ የሲ መስመር ብቻ ነው። አንድ ትጉህ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይችላል። በዓለም ዙሪያ ከምንጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች መካከል ስንቱን እንዲህ ልንል እንችላለን?

ታሪኩ ይብቃንና ወደ ውስጡ እንግባ። እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ለራሳችን ብንሠራ ምን ይመስላል? 72 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ፣ 64 ኪሎባይት ፍላሽና 20 ኪሎባይት ራም ያለውን ኤስቲኤም 32ኤፍ103 እንውሰድ። ርካሽና በብዛት የሚገኝ ነው።

ሥራው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ቃላት ለቃሚ ነው፤ የተጻፈውን መስመር ፊደል በፊደል እያነበበ ቁጥሩን፣ ስሙንና ምልክቱን ይለያል። ሁለተኛው ሰዋስው አዋቂ ነው፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል መርምሮ ባይትኮድ ወደምንላቸው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ባይት ወደሚጻፉ አጫጭር ትእዛዞች ይለውጣቸዋል። ሦስተኛው ፈጻሚው ነው፤ አንድ ባይት ያነሣል፣ ምን እንደሆነ ያያል፣ ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የአስተርጓሚው ልብ ይህ ነው፤ በሲ ሲጻፍ ከአንድ ረዘም ያለ የምርጫ ዝርዝር አይበልጥም።

ፈጻሚው የሚሠራው በስታክ፣ ማለትም በቁልል ነው። በመሶብ ውስጥ የተደረደረ እንጀራን አስቡ፤ በመጨረሻ የተቀመጠው በመጀመሪያ ይነሣል። «3 + 4 × 5» የሚለው ስሌት ወደ ባይትኮድ ሲለወጥ «3 አኑር፣ 4 አኑር፣ 5 አኑር፣ አባዛ፣ ደምር» ይሆናል። ሦስቱ ቁጥሮች ይደራረባሉ፤ «አባዛ» ሲል ከላይ ያሉት 4 እና 5 ተነሥተው በቦታቸው 20 ይቀመጣል፤ «ደምር» ሲል 3 እና 20 ተነሥተው 23 ይቀራል። ቅንፍ የለም፣ የቅድሚያ ሕግ የለም፤ ሰዋስው አዋቂው ያንን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። በፎርዝ ተጠቃሚው ራሱ የሚጽፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ነገሮቹ፣ በመጨረሻ ድርጊቱ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህ እንግዳ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ብዙ ገጽ ወስደው ያለማምዷቸዋል። እኛ ግን ስንናገር የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ፓምፑን ክፈት» እንላለን እንጂ «ክፈት ፓምፑን» አንልም፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለብዙ ዓመታት ይህን ትምህርት ሳስተምር፣ ለተማሪዎቼ ከባድ የነበረው የቁልሉ ሥርዓት ሳይሆን በእንግሊዝኛ ማብራራቴ እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የትእዛዝ ቃላቱ በአማርኛ ሊሆኑ አይችሉም ወይ ተብዬ በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። ይችላሉ። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ቦታ ያባክናል የሚል ስጋት ይነሣል። ነገር ግን ቃላት ለቃሚው «ክፈት» የሚለውን 9 ባይት አንድ ጊዜ አንብቦ ወደ አንድ ባይት ትእዛዝ ከለወጠው በኋላ በራም የሚቀረው አንዱ ባይት ነው። የቃላቱ ዝርዝር ራሱ በፍላሽ ይቀመጣል። ትንሽ ቋንቋ የሚያስፈልጉት ቃላት 20 ወይም 30 ቢሆኑ ነው፤ ዝርዝሩን በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ከሰዓት በኋላ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንተምን። ለባይትኮድ 4,096 ባይት፤ ለቁልሉ እያንዳንዳቸው 4 ባይት የሆኑ 256 ቦታዎች፣ ማለትም 1,024 ባይት፤ ለ64 ተለዋዋጮች 256 ባይት፤ ለሚነበበው መስመር 128 ባይት። ድምሩ 5,504 ባይት ነው። ከ20 ኪሎባይቱ ራም ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ለቀሪው ሥራ ይተርፋል።

ይህ በጀት የተገኘው ግን በመጨመር ሳይሆን እንቢ በማለት ነው። የቋንቋ ንድፍ ዋናው ጥበብ የሚታየው በተከለከለው ነገር ነው። ሦስት ክልከላዎችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የነጥብ ቁጥር ነው። ሉዋ ለረጅም ዘመን የነበረው የቁጥር ዓይነት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በተለምዶ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር ነበር። ለትልቅ ኮምፒውተር ውብ ውሳኔ ነው። የነጥብ ስሌት በሃርድዌር ለሌላት ትንሽ ማሽን ግን እያንዳንዱ ድምር ረጅም የሶፍትዌር ሥራ ይሆንባታል። ሉዋ ራሱ በ2015 በወጣው 5.3 እትሙ ሙሉ ቁጥርን ለይቶ አስገብቷል። እኛ ከጅምሩ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ብቻ እንያዝ፤ 23.5 ዲግሪን 235 ብለን በአሥረኛ እንመዝግብ። ገበያ ላይ ሁሉንም በሳንቲም ቆጥሮ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ብር እንደ መመለስ ነው።

ሁለተኛው ማህደርን እንደ ልብ መበደርና መመለስ ነው። ይህ ከተፈቀደ የተጣለውን የሚሰበስብ አጽጂ ያስፈልጋል፤ አጽጂው ደግሞ መቼ እንደሚነሣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆመን አስቀድሞ ለመናገር ያስቸግራል። ሁሉም ነገር ቦታው ከመነሻው ይወሰን። ፕሮግራሙ የማይበቃው ከሆነ ሲጫን ይነገረን እንጂ በሦስተኛው ወር እኩለ ሌሊት ላይ አይሁን።

ሦስተኛው የጽሑፍ ስሌት ነው። ፓምፕ ድርሰት አይጽፍም፤ መልእክት ለማሳየት የተዘጋጁ ዐረፍተ ነገሮች ይበቁታል።

ዋጋውንም ሳልሸሽግ ልናገር። አንድ ባይትኮድ ለመፈጸም 50 የማሽን ዑደት ይፈጃል እንበል። 200 ትእዛዝ ያለው ደንብ 10,000 ዑደት ይወስዳል፤ በ72 ሜጋኸርዝ ይህ 0.14 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በደቂቃ አንዴ ለሚወስን ፓምፕ ምንም አይደለም። በሰከንድ በሺህ ጊዜ ለሚወስን የሞተር መቆጣጠሪያ ግን ከእያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ሰባተኛውን እጅ መብላት ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በሲ ይቆይ። በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያም የዘገየ ስሌት ማለት ዘግይቶ መተኛት፣ ስለዚህም ኃይል ማባከን ነው።

ከፍጥነት የሚብሰው አደጋ ግን ደኅንነት ነው። ደንቡን አዛውንቱ ሊለውጡት ከቻሉ፣ ሌላ ሰውም ሊለውጠው ይችላል፤ በሬዲዮ የሚላክ ከሆነ ደግሞ በሩ ለሩቅ ሰውም ክፍት ነው። ስሕተትም አለ፤ ማብቂያ የሌለው ድግግሞሽ በአንድ የተረሳ ቃል ይፈጠራል። ስለዚህ ፈጻሚው በእያንዳንዱ ዙር የሚፈጽመው የትእዛዝ ብዛት ይወሰን፤ ከዚያ ካለፈ ደንቡ ቆሞ ስሕተቱ ይነገር። በርቀት የሚላክ ደንብም ላኪው ሳይረጋገጥ አይጫን።

ከሁሉም በላይ ሥልጣን ይከፈል። በሕግ ሥርዓታችን መመሪያ አዋጅን እንደማይሽር ሁላችን እናውቃለን። በማሽኑም እንዲሁ ይሁን። «ጉድጓዱ ከደረቀ ፓምፑ ይቁም፣ ሞተሩ ከጋለ ይቁም» የሚለው በሲ የተጻፈ አዋጅ ነው፤ ደንቡ ምንም ቢል አይለወጥም። «በስንት እርጥበት፣ በስንት ሰዓት» የሚለው ግን መመሪያ ነው፤ ሊወስነው የሚገባውም አፈሩን የሚያውቀው ሰው ነው። ድንበሩን የት እናስምር የሚለው ጥያቄ የፕሮግራም ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማን ምን የመወሰን መብት አለው የሚል ጥያቄ ነው፤ መሐንዲሱ ሳያስበው ቢያልፈው እንኳ ሳያውቀው መልሶታል። እኔ 30ን በሲ ፕሮግራሙ ውስጥ ሳስቀምጥ፣ «ይህን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው» ብዬ መልሼ ነበር።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ለምን አዲስ እንሠራለን፣ ሉዋ አለ፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ዴሚየን ጆርጅ የጀመረው ማይክሮፓይተን አለ፣ የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። ማሽናችሁ ከቻለቻቸው፣ ጊዜም ከሌላችሁ እነርሱን ተጠቀሙ፤ በብዙ እጅ የተፈተኑ ናቸው። ለተማሪዎቼ ግን ሌላ ምክር አለኝ። ከመመረቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከ2,000 መስመር የማይበልጥ አስተርጓሚ በገዛ እጃችሁ ጻፉ። ሙያችን ዛሬ በንብርብር የተሞላ ነው፤ እያንዳንዳችን የምንቆመው ሌሎች በሠሩት፣ እኛ ባላየነው ወለል ላይ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ባይት ድረስ የምታውቁት አንድ ሥራ ሲኖራችሁ፣ ሌሎቹም ወለሎች በሰው እጅ የተነጠፉ መሆናቸውን ታያላችሁ። የሪዮ ዴ ጃኔሮዎቹ ሦስት ሰዎች የጀመሩት ዓለምን ለማስደመም አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ለነበሩ መሐንዲሶች የሚመጥን ነገር ለመሥራት ነበር።

የአዛውንቱን ፓምፕ በተመለከተ፣ በአዲሱ መቆጣጠሪያ ላይ አሁን የተጻፈው ደንብ አምስት መስመር ነው። አንደኛውን እኛ ጻፍነው። አራቱን የጻፉት እርሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ስሕተት ነበረበት፤ ያረሙትም እርሳቸው ናቸው።